ያልጠጣሁት ፒኖ ግሪጆ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

አልጠጣሁትም። ከሁሉ በፊት ይኼ ይጻፍ። ጠርሙሱንም በብርዝ አልሞላሁትም።

ጽሑፌ ዛሬ አያምርም። ያበላሸው ንዴት ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም።

ለምሳ እንግዶች ነበሩ፤ የአሠሪዬ ባል የሙሴ ፊሊፕ አለቃ ከነሚስቱ፣ ደግሞ ሌላ አንድ ባልና ሚስት። ማዳም ሶፊ ዓሣ እንድሠራ አዘዘች። ከዓሣው ጋር አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ፣ የሙሴ የሥራ ባልደረባ፣ ለዕረፍት አገሩ ከመሄዱ በፊት በስጦታ የሰጣቸው ነጭ ወይን እንዲቀርብ። ፒኖ ግሪጆ። አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። በጅቡቲ ሐምሌ፣ የበረሃው ነፋስ ከምሲን አሸዋውን በበር ሥር እያስገባ፣ ክሊሙ፣ አየር ማቀዝቀዣው፣ ዝም ሲል ይህ ቤት ምድጃ ነው። ፍሪጁ ከመሞቁ በፊት ብዬ ዘበኛችንን ዲርዬን ወደ ካርቲየ 3 ሰፈር ላክሁት፤ በረዶ ገዝቶ መጣ። በባልዲ ውኃና በረዶ አድርጌ ጠርሙሱን ነከርኩት።

እንግዶቹ ሲቀመጡ አወጣሁት፣ ማድቤት ውስጥ ከፈትኩት፣ አሸተትኩት። ደህና ነው። ብርጭቆ ውስጥ ሳንቆረቁረው ቀላ አለ፤ የቀጠነ ሻይ ነገር፣ መዳብ መዳብ የሚል። አልደነገጥኩም። የዚህ ወይን ፍሬ ልጣጩ ነጭ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከልጣጩ ጋር ከሰነበተ ቀለም ይይዛል። አቀረብኩ።

አለቃው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ “ሶፊ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አላት።

ማዳም ብርጭቆውን አየች። ከዚያ ጠርሙሱን አየች። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት የለም፤ የምን ወይን እንደሆነ የሚናገር አንዲት ፊደል የለበትም። ያ የእኔ ጥፋት ነው፣ እንዴት እንደሆነ ነገ እጽፈዋለሁ።

“ፒኖ ግሪጆ ውኃ ነው የሚመስለው” አለች። “እኔ የአልዛስ ልጅ ነኝ። ይህን ወይን የማውቀው ከልጅነቴ ነው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ቲቲ፣ ወይኑን ጠጥተሽ በዚያ በማር መጠጣችሁ ነው የሞላሽው?”

በሰው ፊት! በስድስት ሰው ፊት! አንደኛዋ ሴት ሳቀች። ሙሴ ፊሊፕ ሳህኑን ነው የሚያየው፤ ዓሣው ላይ የጠፋ ዕቃ ያለ ይመስል።

“አይደለም ማዳም፣ ቅመሺው” አልኳት።

አልቀመሰችውም። ተነስታ የብርጭቆውንም የጠርሙሱንም ወይን በገዛ እጇ የማድቤቱ መታጠቢያ ውስጥ ደፋችው። ማስረጃዬ በቱቦ ወረደ። ባዶ ጠርሙስ ብቻ ቀረ።

ሌላ ወይን ከፈቱ። እኔም አቀረብኩ። ምን ላድርግ።


እሑድ፣ ሐምሌ 13

የራሴን ጥፋት ልጻፍ። በዚህ ደብተር ላይ እንኳ እውነቱን ካልጻፍኩ ማዳምን ምን ብዬ እወቅሳታለሁ?

ባዶ ጠርሙስ አጠራቅማለሁ። ማዳም ታውቃለች፣ ራሷ ናት የፈቀደችልኝ። በካርቲየ 4 ጠጅ ለምትሸጠው ለእትዬ ብርቄ እወስድላታለሁ። እትዬ ብርቄ ደግሞ ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ አትቀበልም፤ “ደንበኞቼ የፈረንጅ ትራፊ ይመስላቸዋል” ትላለች። ስለዚህ ጠርሙስ በውኃ እነክራለሁ፣ በአውራ ጣቴ ፋቅ ፋቅ አደርጋለሁ፣ ወረቀቱን አድበልብዬ እጥላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ።

ትናንት ጠርሙሱን ከበረዶው ሳወጣ ወረቀቱ ረስርሶ ግማሹ ተንጠልጥሏል። እጄ ሳላዘው ፋቀው። ሙሉ ጠርሙስ! ወረቀቱን ማድበልበሌን ያወቅሁት እንኳ ማዳም ጠርሙሱን ስታይ ነው። ዛሬ ጠዋት ቆሻሻውን ገልብጬ ፈለግሁት፤ ከዓሣ አንጀት ጋር ቦክቶ አገኘሁት። የሚነበብ ነገር የለውም።

በማዳም ማድቤት ያሉት ባዶ ጠርሙሶች አሁን የሌብነቴ ምስክር ሆነዋል። “ጠርሙስ የምትሰበስቢው ለዚህ ነበር?” አለችኝ ቁርስ ላይ። ቡናዋን አስቀምጬላት ወጣሁ።

ወይን ያስተማረኝ ሙሴ ጋስቶን ነው፤ ከማዳም በፊት የሠራሁለት ሽማግሌ፣ የወደብ ጡረተኛ። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር የጠርሙሱን ጽሑፍ የማነበው እኔ ነበርኩ። ፊደል በፊደል። ስሳሳት በከዘራው ወለሉን ይመታል። ከዚያ ያስቀምሰኛል፣ ያስተፋኛል፣ “ምን አለሽ?” ይለኛል። ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። የሚለኝን በዚሁ ደብተር ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ ዛሬ ገልጬ አነበብኩት፦

ፍሬው አንድ። ልጣጩ ግራጫና ሮዝ የተቀላቀለበት፣ እንደ እርግብ አንገት።
አልዛስ፣ ፈረንሳይ ውስጥ፦ ፒኖ ግሪ ይሉታል። ወርቅማ፣ ወፍራም፣ አንዳንዴ ጣፋጭ። ድሮ ቶኬ ይሉት ነበር፤ ሀንጋሮች “ስሙ የእኛ ወይን ነው” ብለው አስተዉአቸው።
ጣሊያን፦ ፒኖ ግሪጆ። ገና ሳይበስል ቶሎ ይለቀማል። ቀጭን፣ ሎሚ ሎሚ የሚል። ሽማግሌው “የመዋኛ ገንዳ ወይን” ይለው ነበር።
ጀርመን፦ ደረቁን ግራውቡርጉንደር፣ ጣፋጩን ሩሌንደር።
ስዊስ ተራራ ውስጥ፦ ማልቯዚ።
ሀንጋሪ፦ ሱርከባራት። ትርጉሙ ግራጫ መነኩሴ።

ግራጫ መነኩሴ ሲለኝ ስቄ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ስለ መዳቡ ግን የጻፍኩት የለም። “ከልጣጩ ጋር ካቆዩት ይቀላል” ብሎኛል፣ ስሙን ግን አልነገረኝም፤ ወይም ነግሮኝ አልጻፍኩትም። እነዚህ ፈረንጆች ደግሞ ስም ካልሰጠሻቸው አያምኑም።

የእኔንም ስም እንደ ወይኑ በየአገሩ ቀይረውታል። የየመኖች ቤት ስሠራ ሳራ፣ ሙሴ ጋስቶን ጋ ማሪ፣ እዚህ ቲቲ። ትርሲት ለማለት ምላሳቸው ይሰበራል መሰለኝ። ችዬዋለሁ። ሌባ የሚለውን ግን አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ። ሽማግሌው “ጠርሙሱን ሳትከፍቺ ለእንግዳው አሳዪ” ይለኝ ነበር። ማዳም ግን “እዚህ ሬስቶራንት አይደለም” ስላለችኝ ትቼዋለሁ። አሳይቼ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ አለመኖሩ ከመከፈቱ በፊት ይታይ ነበር። ይህ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእሷ ጥፋት ነው።


ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ማዳም ወረቀት አመጣች። በፈረንሳይኛ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ አራት መስመር። ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ ሽማግሌው ይመስገን። “እኔ ከታች የፈረምኩት፣ የቤቱን ወይን ያለ ፈቃድ መጠጣቴንና በሌላ መጠጥ መተካቴን አምናለሁ” ይላል።

“ፈርሚና በሰላም እንለያይ። ለሌላ ቤት ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ” አለች። “ካልፈረምሽ ደብዳቤ የለም። እስከ ሐሙስ አስቢበት።”

ድምጿ ለስላሳ ነው። የምትረዳኝ ይመስላታል። በዚህ ከተማ የፈረንጅ ቤቶች ሠራተኛ የሚቀባበሉት በደብዳቤና በስልክ ነው፤ ደብዳቤ የሌላት ሴት በር ላይ ነው የምትመለሰው። ከፈረምኩ ደግሞ ያ ወረቀት በእሷ መሳቢያ ይቀመጣል። አንድ ቀን አንዷ ጓደኛዋ ስለ እኔ ስትጠይቃት ታወጣዋለች።

“አልፈርምም” አልኳት።

“እስከ ሐሙስ አስቢበት።”

“አሁንም አልፈርምም፣ ሐሙስም አልፈርምም።”

ይህን ስናገር እጄ ውስጥ የሽንት ቤት መጥረጊያ ነበር። ትንሽ ክብር ያለው ዕቃ ብይዝ ጥሩ ነበር፣ ግን ምን ይደረግ፣ ያጋጠመኝ እሱ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ጫት የጫኑት መኪኖች ከተማ ገቡ፤ መንገዱ በጡሩንባ ተናጋ። ዲርዬ እስሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በሩ ላይ ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይበልጣል።

“አቦ ትርሲት፣ ምንድን ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?”

ነገርኩት። አንድ ፍሬ ነው፣ በየአገሩ ስሙም ጣዕሙም ቀለሙም ይለያያል፣ ማዳም የሁለት አገሩን ነው የምታውቀው፣ ሦስተኛውን ስታይ ሌብነት ነው አለች።

ዲርዬ ቅጠሉን እየመረጠ ሰማኝ። “ታዲያ ይሄ ምኑ ይከብዳል? የአወዳይ ጫትና የገለምሶ ጫት ዛፉ አንድ አይደል? ዓይኔን አስረሽ ስጪኝ፣ እለየዋለሁ። አወዳይ ብቻ ሲቅም የኖረ ሰው የገለምሶውን አይቶ ‘ይሄ ጫት አይደለም፣ ሠራተኛዋ የጎመን ቅጠል ሰጠችኝ’ ቢል ምን ትይዋለሽ?”

“አላዋቂ።”

“ወላሂ አላዋቂ! ማዳምሽን ወደ እኔ ላኪያት፣ በሳምንት አስተምራታለሁ።”

ከቅዳሜ ወዲህ የሳቅሁት ዛሬ ነው። በኋላ ሳስበው ግን ዲርዬ ትክክል ነው። ማዳም ውሸታም አይደለችም። የአገሯን ወይን በእውነት ታውቃለች፤ ሌላው ሁሉ በአገሯ ልክ የሚለካ ይመስላታል። በዚህ ላዝንላት ምንም አልቀረኝም ነበር። አላዘንኩላትም።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ሸሚዝ እየተኮስኩ ትዝ አለኝ። ጣሊያናዊው ያመጣው ሁለት ጠርሙስ ነው! ራሴ ነኝ ከቦርሳው ተቀብዬ ያስቀመጥኩት። አንደኛውን ሙሴ ፊሊፕ በማግስቱ ለአለቃው ወስዶ ሰጠ። የሸሚዙን ክንድ ላቃጥለው ምንም አልቀረኝ።

ካልተከፈተ አሁንም እዚያ ቤት አለ። እዚያ ቤት ደግሞ ወጥ ቤቷ ዘነበች ናት፣ የእኛ ዘነበች፣ ከእኔ ጋር በአንድ ጭነት መኪና ከአገር የወጣችው።

ማዳም እንግዶቹን አትጠይቅም። ሙሴ ትናንት ማታ ለጣሊያናዊው ልደውል ሲላት ሰምቻለሁ፤ “ስጦታህን ሠራተኛችን ጠጣችው ልትለው ነው?” ብላ አስቆመችው። ኩራቷ አይፈቅድላትም። የእኔ ኩራት ግን ይፈቅድልኛል።

ለዘነበች ደወልኩ።

“አንቺ ልጅ፣ እኔን ልታስበይኝ ነው? የሰው ዕቃ ቤት ገብተሽ ፎቶ አንሺ ትይኛለሽ?”

“ጠርሙሱን አትንኪው ዘኒ። ወረቀቱን ብቻ አንሺልኝ።”

“ብያዝስ?”

“እኔ ነኝ ያዘዝኳት እላለሁ።”

“እሱ ነው የሚያድነኝ!” ብላ ዘጋችብኝ።

ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። ምንም የለም። አልፈርድባትም፤ እናቷን የምታሳክመው በዚያ ቤት ሥራ ነው። ማዳም ዛሬ የማድቤቱን መሳቢያዎች ስትቆልፍ አየኋት። ስኳሩን ሳይቀር። ስኳር ቆለፈችብኝ!


ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ዘኒ ላከችው! ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ልብስ እያሰጣሁ። ቆልፋ የያዘችው አፏን ነው እንጂ ልቧን አይደለም።

ፎቶውን አሳድጌ ፊደል በፊደል አነበብኩት። በትልቁ፣ ፒ-ኖ ግ-ሪ-ጆ። ከሥሩ በትንሹ፣ ራ-ማ-ቶ። ስልኬ ላይ ፈለግሁት። በጣሊያን ሰሜን ምሥራቅ፣ ፍሪዩሊ በሚባል አገር፣ ጭማቂውን ከነልጣጩ አቆይተው የሚሠሩት የድሮ አሠራር ነው ይላል። ስሙ የመጣው ከመዳብ ነው። ከመዳብ! ቅዳሜ እኔ መዳብ ያልኩት ከራሴ ዓይን አውጥቼ ነው፣ ማንም ሳይነግረኝ። ደብተሩ ጀርባ ላይ፣ ከግራጫው መነኩሴ ሥር፣ በትልቁ ጻፍኩት፦ ራማቶ።

ዘኒ በድምፅ መልእክት፣ “ወደ መስኮት ይዤው አየሁት፣ ቀይ ሻይ ነው የሚመስለው፣ በቃ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ” ብላለች።

እዚህ ላይ ቆም ብል ምን ነበረበት? አልቆምኩም። ስልኬን ይዤ እየሮጥኩ ማዳም ጋ ገባሁ።

ረጅም ጊዜ አየችው። “ይሄ የፋብሪካው ስም ነው” አለች መጀመሪያ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። “ይህን ፎቶ ማን አነሳው?”

ስልኬን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

“ይሄ ከጠርሙሱ ኋላ ያለው ሰማያዊ ሴራሚክ የማን ቤት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቲቲ። እንግዲህ በየሰው ዕቃ ቤት ሰላይ አላችሁ ማለት ነው። ይህንን ለቤቱ ባለቤት መንገር አለብኝ።”

ለራሴ አልፈራሁም፣ ለዘኒ ነው። እኔን ለማዳን የገባች ሴት ላስበላት ነው። “እኔን ቅጪኝ፣ እሷን ተያት” ማለት ነበረብኝ፤ ይህን ከማለት ይልቅ ያልኩት ሌላ ነው። “ማዳም፣ ፎቶውን ያነሳው ማንም ይሁን፣ ጽሑፉን ግን ጣሊያኖች ናቸው የጻፉት” አልኳት። አንዳንዴ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

የቀኑን ሥራ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ሩዙ አረረ።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

የቀጠሮው ቀን። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ለዘኒ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቻለሁ። አልሰደበችኝም። “ማዳምሽ ሳትቀድመኝ እኔው ልንገራት” አለች።

“ማንን?”

“የቤቴን እመቤት ነዋ። ጠርሙሱን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው እላታለሁ። ሌላ ሰው ከሚነግርልኝ ራሴ እነግራታለሁ።”

ይቺን ሴት ፈሪ ናት ብዬ ነበር።

እሷ እንዲህ ካደረገች እኔ ምን እጠብቃለሁ? ሙሴ ፊሊፕና ማዳም ቁርስ ላይ ነበሩ። ወረቀቱ ከቅቤው አጠገብ ተዘርግቷል፣ ስክሪብቶ ሳይቀር ተቀምጦበታል። ስክሪብቶውን አንስቼ ለሙሴ ሰጠሁት። አምስት ቀን ሙሉ ያላየኝን ሰው ዓይን ለዓይን አየሁት።

“ሙሴ፣ አለቃህ ጋ አንድ ጠርሙስ አለ። ጣሊያናዊው የሰጠህ፣ የዚህኛው ወንድም። ራሱ ይክፈተው። ነጭ ከሆነ፣ ውኃ ከመሰለ፣ በሁላችሁም ፊት እፈርማለሁ። መዳብ ከሆነ ግን ማዳም ቅዳሜ ያለችውን በሰሙት ሰዎች ፊት ትመልስ።”

ማዳም ሳቀች። “እሺ” አለች። እርግጠኛ ናት። እሷም እርግጠኛ፣ እኔም እርግጠኛ፤ ከሁለት አንዳችን መዋረዳችን ነው።

ሙሴ ፊሊፕ ስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ስልኩን አነሳ። እሱን ሰው ያደረገው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ለካ ዘኒ ቀድማኝ ለእመቤቷ ነግራታለች፤ አለቃውና ሚስቱ ነገሩን በሳቅ ነው የተቀበሉት፣ ጨዋታ ሆኖላቸዋል። ነገ ለምሳ ኑ፣ ሌሎቹንም እንጠራለን፣ ጠርሙሱንም እንከፍታለን ብለዋል። እኔም ዘኒን ላግዝ አብሬ እሄዳለሁ።

ለእነሱ ጨዋታ ነው። ለእኔ አራት ዓመት ነው።

አሁን ከሰዓት ነው፣ ማዳም ተኝታለች፣ እኔም ስጋቶቼን ልዘርዝር። የአለቃው ዕቃ ቤት ክሊም የለውም፤ ወይኑ በሙቀት ተበላሽቶ ቡናማ ሆኖ ቢገኝ ማን ምን ያውቃል? ዘኒ ቀይ ሻይ ያለችው የጠርሙሱን ቀለም ቢሆንስ? የጠርሙሱ መስታወት ራሱ ቡናማ ቢሆንስ? ቅዳሜ የከፈትኩት ጠርሙስ ምን ቀለም ነበር? ባዶውን አየሁት፤ ነጭ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ግን ማን ነገረኝ? ሁለቱንም ስቀበል ጽሑፉን አላነበብኩትም። ሽማግሌው ቢሰማ ከዘራውን ይሰብርብኝ ነበር።

በቃ። የተባለው ተብሏል።


ዓርብ፣ ሐምሌ 18

መዳብ ነው። መዳብ ነው! መዳብ!

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አንዱም እንዳይረሳኝ።

ስድስቱም ነበሩ፣ እነዚያው የቅዳሜዎቹ። ዘኒ ዓሣውን ጠበሰች፣ እኔ ሰላጣውን ሠራሁ። ማድቤት ውስጥ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ ሁለታችንም ሽንኩርት የምንከትፍ መስለን ሽንኩርት የሌለው ሰላጣ ላይ ሽንኩርት ሞላንበት። አለቃው ጠርሙሱን ራሱ ከፍሪጅ አወጣው። ወረቀቱን ለእያንዳንዱ ሰው አሳየ፣ ጮክ ብሎም አነበበው። እኔ ፎጣ በክንዴ አንጠልጥዬ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ቡሹ ወጣ። ቀዳ።

ቀላ አለ። በነጩ ጠረጴዛ ጨርቅ ላይ እንዲያውም ከቅዳሜው ይደምቃል።

ማዳም ብርጭቆዋን አንስታ አሸተተች፣ ቀመሰች፣ በአፏ ውስጥ አዟዟረችው። እውነቱን ልናገር፣ ቀማሽ ናት። ፊቷን ሳይ ወይኑ ደህና መሆኑን አወቅሁ።

“አልዛስ እንዲህ አይሠሩትም” አለች።

“ሶፊ፣ እዚህ ጅቡቲ ነው” አላት አለቃው። ሳቁ።

ከዚያ የሆነውን ነው መጻፍ የፈለግሁት። ሳቁና ወደ ምሳቸው ገቡ። አለቃው ከዓሣው ጋር ይሄዳል አለ። ቅዳሜ የሳቀችብኝ ሴት የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል አለች። አንዱ ስለ ፍሪዩሊ፣ አንዱ ስለ አውሮፕላን ትኬት ማውራት ጀመረ። ሰላጣው ዞረ። የእኔ ነገር አለቀ፤ እንደ ቀልድ ተከፍቶ እንደ ቀልድ ተዘጋ። ማዳም ሳህኗን እያየች ትበላለች። እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ ሌባ ተብዬ፣ ግን ሌባ አይደለችም ያለኝ የለም።

ዘኒ ከኋላዬ ቀሚሴን ጎተተችኝ፤ ተይው ማለቷ ነው። ተይው ስባል የኖርኩት ይበቃኛል። ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄድኩ።

“ማዳም፣ ቃል ነበረን” አልኩ። በፈረንሳይኛ፣ ጮክ ብዬ።

ሹካዎቹ ቆሙ። ማዳም ቀና አለች፣ አንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። “ቤት እንነጋገራለን” አለች ቀስ ብላ።

“ቅዳሜ በእነሱ ፊት ነው የተናገርሽው፣ ማዳም።”

ማንም ሰው አልረዳትም፣ ሙሴ ፊሊፕም ጭምር። ደግሞ አሁን ሳህኑን አላየም፤ እሷን ነው ያየው። ናፕኪኗን አጠፈችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ወይኑን አልጠጣችውም” አለች። “አልነካችውም። ወይኑ እንዲህ ነው፣ እኔ አላወቅሁትም። በፊታችሁ ሌባ ብያታለሁ፣ ተሳስቼ ነው። ይቅርታ እጠይቃታለሁ።”

“አመሰግናለሁ፣ ማዳም” አልኩና ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ያልጨረሱትን ሳይቀር።

ማድቤት ገብተን በሩን ስንዘጋ ዘኒ አፏን በፎጣ አፍና ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። ስድስት ቀን ያላለቀስኩትን አንድ ላይ፣ መታጠቢያው ላይ ተደፍቼ። ዘኒ የተረፈውን ወይን በሻይ ብርጭቆ ቀድታ ሰጠችኝ። “እንግዲህ አሁን ጠጪው፣ ተፈቅዶልሻል” አለችኝ። ቀመስኩት። ጥሩ ነው። ደረቅ ያለ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሻይ ምላስ የሚይዝ። ተፋሁት፣ ከልማድ።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው፤ ወደ ወደቡ የሚመላለሱት የአገራችን ሾፌሮች ግማሾቹ ቁልቢ ወጥተዋል። በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ።

ማዳም ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀችኝ። የአራት መስመሩን ወረቀት በፊቴ ቀዳደደችው። ስኳሩንም ከፍታዋለች። “ያለፈውን እንተወውና እንደ ድሮው እንቀጥል” አለች።

“መጀመሪያ ደብዳቤዬን” አልኳት።

“ደብዳቤ የሚጻፈው ለምትሄድ ሰው ነው።”

“አውቃለሁ።”

ቆይታ ጻፈችው። አጠገቧ ቆሜ አነበብኩ፤ ታማኝ፣ ንጹሕ፣ ጥሩ ወጥ ቤት ይላል። “ወይን ታውቃለች የሚለውን ጨምሪበት” አልኳት። ስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ጨመረችው፤ ‘ከእኔ በተሻለ’ የሚል አላስጨመርኩባትም፣ ያን ያህል ክፉ አይደለሁም። ፈረመች። ተቀብዬ አጠፍኩና ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

“እንግዲህ ትቀጥያለሽ?”

አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ዘኒ አንድ ሆቴል ምግብ ቤት ሰው ይፈልጋል ብላኛለች፤ ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ ማን ያውቃል። እዚህ ደግሞ ክፍሌ ክሊም አለው፣ ሙሴም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰላም ይለኛል። ማዳምም ትናንት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ቀላል እንዳልነበር አይቻለሁ። ያንን ሳስብ ልቤ ይራራል። ስኳሩን ሳስብ ደግሞ ይጠነክራል።

“አስቤበት እነግርሻለሁ” አልኳት።

“መቼ?”

“እስከ ሐሙስ።”

ይኼው አሁን ሳሎን ውስጥ ወዲህ ወዲያ ስትል በክፍሌ ግድግዳ ይሰማኛል። ትጠብቅ።